የነጯ በርች ሙሾ

ፈረሶቹ በረዶውን እስከ ጉልበታቸው እየሰነጠቁ ሲጋልቡ ባለጋሪው ፌኦፋን ቆሞ ነበር የሚነዳቸው። ቆሞ መንዳት ይወዳል። ከአፍንጫቸው የሚወጣው እንፋሎት ወደ ኋላ እየበነነ ጢሙን ነጭ አድርጎታል፤ ትናንት ያየው ሰው ዛሬ ቢያገኘው በአንድ ሌሊት ሸበተ ይለው ነበር። ሰማዩ ነጭ፣ ምድሩ ነጭ፤ የት ላይ እንደሚገናኙ አይለይም። ልጆቼ፣ በኛ አገር በክረምቱ ማብቂያ ላይ እንዲህ ያለ ቀን አለ። ሰው መንገድ ላይ ይሁን ሕልም ውስጥ ይሁን ራሱን የሚጠራጠርበት ቀን።

ከኋላው፣ ጣሪያ ባለው ተንሸራታች ጋሪ ውስጥ፣ በድርቆሽ ላይ በተነጠፈ የተኩላ ቆዳ የተጠቀለለ አንድ መንገደኛ ተጋድሟል። ጠዋት ፈረስ ከሚለወጥበት ጣቢያ ሲሳፈር ስሙን ኒካኖር ሳቬሊች ብሎ ነበር የተናገረው። ካፖርቱ የሞስኮ ነው፣ እጆቹ ግን የገባር ልጅ እጆች ናቸው፤ ሰፋፊ፣ መገጣጠሚያቸው ያበጠ። ሲያስል ፈረሶቹ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ይጥላሉ።

ፌኦፋን ያንጎራጉራል። ባለጋሪ የማያንጎራጉር ከሆነ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ እንቅልፍ ከወሰደው ይበርዳል፣ ከበረደው ደግሞ አይነቃም።

«ፌኦፋን» አለ መንገደኛው ከተኩላው ቆዳ ውስጥ፣ «ይህንን ማን አስተማረህ?»

«ማን ያስተምረኛል ጌታዬ? መንገድ ነዋ! ባለጋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ፈረሶቹም ያውቁታል፤ አፍ አጥተው ነው እንጂ።»

«የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ፌኦፋን ሳቀ። «እንግዲያው የቮልጋን ወንዝም የቆፈሩት እርስዎ ነዎት! አካፋዎን የት አደረጉት?»

መንገደኛው አልተቆጣም። በዝቅተኛ ድምፅ፣ ሳል በሚያቋርጠው ድምፅ፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረው። ባለጋሪዎች የዘለሉትን ስንኝ ሳይቀር ቦታው ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ገዛ ቤቱ በጨለማ እየዳሰሰ ሳይሰናከል ሄደበት። የፌኦፋን እጅ ልጓሙ ላይ ላላ። ፈረሶቹ በገዛ ፈቃዳቸው ወደ እርምጃ ወረዱ።

«የጀልባ ጎታቾቹስ?» አለ ፌኦፋን ቆይቶ። «ያ ‹ጀርባዬ ወንዝ ነው› የሚሉት?»

«የኔ ነው።»

«የነጯ በርች ዛፍስ? ሴቶቹ የሚያለቅሱበት?»

መንገደኛው ከቆዳው ውስጥ ቀና አለ። ከዚያ «እሱ የእህቴ ነው» አለ። «ፔላጌያ ትባላለች። ጌታችን በአንድ ቃል ለወንዝ ማዶ ሰው ዳራት። አደን ሊወጣ ስለቸኮለ የሙሽራ ልቅሶ እንኳን አልፈቀደላትም፤ ሳታለቅስ ነው የሄደችው። በዓመቷ ሞተች። እኔ ያኔ ከጌታው ቤት መዘምራን አንዱ ነበርኩ። ያላለቀሰችውን ሠራሁላት።»

ያ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ገባሩ ከነመሬቱ የሚሸጥበት ዘመን ነው። ኒካኖር ሳቬሊችም ነጻ የወጣው ለድምፁ ሲባል ነው፤ በሞስኮ ያለች አንዲት ባለጸጋ ሰምታው ከጌታው አስለቀቀችው። ከዚያ በኋላ ስንቱን ዘፈን ሠራ! ግን ዘፈኖቹ ከአፉ በወጡ ቁጥር እንደ ወፍ ይበራሉ፣ ማንም ከየት እንደተነሱ አይጠይቅም።

«ሐኪሞቹ ወደ ሞቃት አገር ሂድ አሉኝ» አለ። «እኔ ወደ እናቴ መቃብር እየሄድኩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል ፌኦፋን። ዘፈኔን በሁሉም ቦታ ሰምቻለሁ፤ በገበያ፣ በመጠጥ ቤት፣ በእስር ቤት መስኮት። ስሜን ግን ከዘፈኔ ጋር የጠራ ሰው አልሰማሁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከማላውቀው ሰው አፍ ብሰማው ደስ ይለኛል። ሕፃንነት ነው፣ አውቃለሁ።»

ፌኦፋን ልጓሙን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ደረቱ ሞቀው። ጄኔራል አሳፍሮ ያውቃል፣ ጳጳስ አሳፍሮ ያውቃል፤ ዘፈን የጫነው ግን ዛሬ ነው።

ዛሬቺኖ ወደምትባል መንደር ሲገቡ ፈረሶቹን በድንገት ገታቸው። ከእንፋሎት መታጠቢያው ቤት የወጡ ልጃገረዶች መንገዱን ሞልተው እየዘፈኑ ይሻገራሉ። መካከላቸው ነጠላ ሻሽ የተከናነበች፣ ፊቷ ከሙቀቱ የተነሣ እንደ እንጆሪ የቀላ ሙሽራ አለች።

«ምን ሆንን?» አለ ኒካኖር።

«ሙሽራ ናት። ከመታጠቢያ ስትመለስ መንገዷን የቆረጠ ባለጋሪ ፈረሱ ይሞትበታል። አባቴ ቆርጦ አይቶታል።»

ልጃገረዶቹ ተንሸራታቹን ከበቡት። የመንደሩ ልማድ ነው፤ በልቅሶው ቀን በሙሽራዋ መንገድ ላይ የቆመ እንግዳ ቤቷ ሳይገባ አያልፍም፣ ካለፈ ዕድሏን ይዞ ይሄዳል።

«ውረዱ! ውረዱ!» አለች አንዷ። «አንተ ባለጋሪ፣ የፈረስ ሽታህን ግን ውጭ ተወው!»

«ሽታዬ ይግባና እኔ ውጭ ልቅር?» አላት ፌኦፋን።

እየሳቁ ጎትተው አወረዷቸው።

ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ወደቀባቸው። ምድጃው ግድግዳውን ግማሽ ይዟል። በቅዱሳን ሥዕሎቹ ጥግ ትንሿ መብራት ትበራለች፤ በመስኮቱ ላይ የተጋገረው በረዶ የቀኑን ብርሃን ሰማያዊ አድርጎ ያስገባዋል። ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሻይ ማፍያው ሳሞቫር ይንሾካሾካል። ኒካኖርን ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡትና ትኩስ ሻይ በሳህን ቀድተው ሰጡት። ከትኩሳቱም ከሙቀቱም የተነሣ ዓይኑ ከደን ከደን ይላል፤ ቤቱ እንደ ጀልባ ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ መሰለው።

ሙሽራዋ ኡስቲኒያ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጣለች። ችግሩ፣ አታለቅስም።

ነገ የምታገባው የባለወፍጮውን ልጅ ዳኒላን ነው፤ ትወደዋለች፣ ይወዳታል፣ ቤቱም ቅርብ ነው። በምን ታልቅስ? በዛሬቺኖ ግን ሙሽራ በእናቷ ቤት ማልቀስ አለባት። እዚህ ያላፈሰሰችውን እንባ ባሏ ቤት ይዛው ትገባለች፣ እዚያ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ታፈሰዋለች ይላሉ። ከሕፃን እስከ አያት ያምነዋል። ለዚህ ነው ከጠዋት ጀምሮ ሙሾ አውራጇ ሶሎሞኒዳ፣ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም የታወቀችው አሮጊት፣ ድምፅዋ እስኪሻክር የምታንቆረቁርላት።

«አልቅሺ እንጂ ልጄ!» አለች እናቷ ግላፊራ እጇን እያፋተገች። «ለኔ ስትይ! ውሻችን ሲሞት አላለቀስሽም?»

«ውሻውን አስቤ ሞከርኩ እማ» አለች ኡስቲኒያ። «ዳኒላ ግን ትዝ ይለኛል፤ እሱ ትዝ ሲለኝ ሳቄ ይመጣል።»

«ሽንኩርት እንስጣት?» አለች አንዷ ሚዜ።

«ሽንኩርት!» ሶሎሞኒዳ እንደ ተነደፈች ዞረች። «በሽንኩርት ያለቀሰች ሙሽራ ሽንኩርት ነው የምትወልደው። ዝም በሉ። አንድ የቀረኝ አለ። የአያቴ ነው።»

ዓይኗን ጨፍና ጉንጯን በመዳፏ ደገፈች። ድምፅዋ ሲወጣ ሻካራው ጠፍቶ ከታች፣ ከወለሉ ሥር የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ነጯ በርች ከወንዝ ማዶ፣
ማን ተከለሽ ያለዘመድ?
ቅጠልሽን ነፋስ ወስዶ፣
ማን ያግባሽ ከቤት ማዕድ?

እማዬ በሩን አትዝጊው፣
ማታ ማታ እመጣለሁ፤
እግሬን ሰው ቤት አስረውታል፣
በዘፈኔ እመለሳለሁ።»

ፌኦፋን ወደ ኒካኖር ተመለከተ። የሻይ ሳህኑ በሰውየው እጅ ላይ ቆሟል፣ አይጠጣም፣ አያስቀምጥም። ለሱ አንዲት ሌላ ሙሽራ፣ ሳታለቅስ የሄደችው፣ በሰማያዊው ብርሃን ውስጥ ከኡስቲኒያ አጠገብ መጥታ የተቀመጠች ያህል ነበር።

ኡስቲኒያም እናቷን አየቻት። እጅዋ ላይ ልብስ ማጠብ የሰነጠቀውን ቆዳ አየችው።  «እማ» አለች፣ «ነገ ማታ በሩን ማን ይዘጋልሻል?» ከዚያ የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ተደፍታ ከሆዷ አለቀሰች። ሴቶቹ ሁሉ አብረዋት አነቡ፤ ግላፊራ እየሳቀችና እያለቀሰች «ተመስገን! ተመስገን!» ትላለች።

ፌኦፋን እንባው በጢሙ ላይ ይንጠባጠባል። መንገደኛው የነገረው ምኞት ትዝ አለው። ሊይዘው አልቻለም፤ ተነሣ።

«ሰዎች! ይህን የሠራው እዚህ ተቀምጧል! እነሆ፣ ኒካኖር ሳቬሊች! ከሞስኮ የመጣው! የሱ ነው ሙሾው!»

ልቅሶው ተቋረጠ። ሶሎሞኒዳ አፏን ከፍታ ቀረች። ኡስቲኒያ እርጥብ ፊቷን ቀና አደረገች። ፌኦፋን ጭብጨባ ነበር የጠበቀው፤ የሴቶቹን ፊት ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ምን አልክ?» አለች ሶሎሞኒዳ በቀስታ።

«የሱ ነው አልኩ እንጂ...»

«የሰው ነው? ሕይወት ያለው ሰው? ወንድ?» አሮጊቷ ወንበሩን ይዛ ተነሣች። «ምን አደረግህ አንተ ሰው! የሙሽራ ሙሾ ባለቤት የለውም። ከእናቶች ነው የሚመጣው። ባለቤት ያለው ከሆነ እንባው ለባለቤቱ ይሄዳል፣ ሙሽራዋ አላለቀሰችም ማለት ነው!»

ግላፊራ ጮኸች። «ልጄ ደግማ አታለቅስም! ይህን ያህል የጣርነው ለአንድ የከተማ ሰው ነው? ሰርጉ ነገ ነው! የሙሽራው እናት ብትሰማ ምን ትላለች? ልጄን ከመግቢያዋ በእንባ ልታሳድርብኝ?»

ኡስቲኒያ እጆቿን አየቻቸው፣ ከእነሱ አንድ ነገር የወደቀ ይመስል። ደስታዋ ከፊቷ ላይ ተነሥቶ ሄዷል። «እና አሁን» አለች፣ «ከዳኒላ ጋር ክፉ ነው የሚያጋጥመኝ?»

 ሁሉም ወደ ምድጃው፣ ወደ ሞስኮው ካፖርት ዞሩ።

ኒካኖር የሻይ ሳህኑን አስቀመጠ። ፌኦፋን ዓይኑን ሲያየው ገባው። ስሙ ተጠርቷል። ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው ነገር፣ ከማያውቃቸው ሰዎች መካከል፣ ከዘፈኑ ጋር፣ ጮክ ብሎ ተጠርቷል። ቤቱ ሁሉ ስሙን ይዞ እያየው ነው። እውነት ነው ቢል ማንም አያስተባብለውም።

«ይህ ባለጋሪ ደግ ሰው ነው» አለ ኒካኖር። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር። «መንገዱ ረጅም ሆነብን፣ እንቅልፍ እንዳይወስደው ላጫውተው ብዬ ዋሸሁት። የሰማሁትን ዘፈን ሁሉ የኔ ነው አልኩት። አመነኝ።»

«ዋሸኸው?» አለች ሶሎሞኒዳ።

«ዋሸሁት። ይህን እናቴ ታንጎራጉረው ነበር። እሷ ከእናቷ ሰምታ፣ እናቷ ከማን እንደሰማች እግዜር ያውቃል።»

 ፌኦፋን የእህትየውን ነገር ሊናገር ፈልጎ ነበር። ኒካኖር ግን አላየውም።

«በሥዕሉ ፊት ትላለህ?» አለች አሮጊቷ። ዓይኖቿ ትናንሽና ጥቁር ናቸው፣ ከሱ ላይ አልተነሡም። «የልጅቱ ነገር ነው። በሥዕሉ ፊት በል።»

ሰውየው ተነሣ። ወደ ጥጉ ሄደ፤ ሳሉ ሊመጣ ሲል በእጁ ያዘው፤ ቆመና ወደ ትንሿ መብራት ቀና አለ። ሊሞት የተቃረበ ሰው በዚያ ፊት ሲናገር ምን ማለት እንደሆነ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ።

«የኔ አይደለም» አለ። «ባለቤት የለውም።» አማተበ።

የቤቱ ትንፋሽ በአንድ ጊዜ ወጣ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ሁሉም በፌኦፋን ላይ ወረዱበት።

«ምነው የኔ ጌታ፣ ጨረቃንም እኔ ነኝ የሰቀልኳት አላለህም?»

«ዋ! እኔን ቢያሳፍር እኔ ደግሞ ንግሥት ነኝ ብዬ እነግረው ነበር!»

«ፈረሶቹ አይሻሉትም? ቢያንስ አይናገሩም!»

ኡስቲኒያ ግን አልሳቀችም። ወደ እናቷ ጉያ ገብታ ልቅሶዋን ካቆመችበት ቀጠለች፤ አሁን በለስላሳው፣ እንደ ሕፃን እየነፈነፈች። ሴቶቹ የልጃገረድነት ሹሩባዋን ሊፈቱ ከበቧት።

ውጭ ብርሃኑ ሊቀላ ጀምሯል። ፌኦፋን ፈረሶቹን ሲጠምድ እጆቹ ይጣደፋሉ።

«ውሸታም አደረጉኝ» አለ ሳይዞር። «በየጣቢያው ይከተለኛል ይህ ነገር። ‹ዘፈን የጫነው ፌኦፋን› ይሉኛል።»

«ይቅር በለኝ።»

«እኔን ተዉኝ! እርስዎስ? ያ የፔላጌያ ነው አላሉኝም? አለቀ እኮ፣ ከእንግዲህ ማንም...»

«አልቅሳለች» አለ ኒካኖር የተኩላውን ቆዳ ወደ ላይ እየሳበ። «አላየሃትም? እናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ነው ያለቀሰችው።»

ፌኦፋን የትኛዋን እንደሆነ አልጠየቀም።

ያኔ በሩ ተከፈተና ሶሎሞኒዳ በደበሎ ተጠቅልላ፣ በትልልቅ የሱፍ ጫማዋ በረዶውን እየጎተተች መጣች። ተንሸራታቹ አጠገብ ደርሳ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመች። ፌኦፋንን «አንተ ፈረስህን እያቸው» አለችው። ፈረሶቹን ማየት ጀመረ፤ ጆሮውን ግን የሚያስር ልጓም የለም።

«ከሴቶች ነው የሰማሁት» አለች። «ተልባ ይዘው በወንዙ የሚወርዱ ሴቶች ነበሩ። ወጣትም አልነበርኩም ያኔ። አያቴ አፈር ከሆነች ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ የወደድኩትን ሁሉ ለአያቴ ነው የምሰጣት።»

«ደግ አድርገዋል እማማ።»

«ሙሾው ግን ጎዶሎ ነው። ሁልጊዜ ይሰማኝ ነበር፤ ደረጃ ወርጄ መጨረሻውን መርገጫ የማጣ ይመስለኝ ነበር። አያቴ የረሳችው ስንኝ ይኖር ይሆን?» ወደ ሰውየው ጎንበስ አለች። «እናትህ ታስታውስ ከነበረ ስጠኝ።»

ኒካኖር ወደ ጆሮዋ ቀረበ። ያ ስንኝ ማንም ሰምቶት አያውቅም፤ ምናልባት እዚያው በዚያች ደቂቃ የመጣለት ይሆናል፣ ምናልባት ከእህቱ ሞት ጀምሮ ይዞት ይሆናል፣ እኔ አላውቅም። በሹክሹክታ አላት፦

«በረዶው ሲቀልጥ ስሚኝ፣
ከውሃው ጋር እወርዳለሁ፤
ማን ነው ብለሽ አትጠይቂ፣
ከሚዘፍን ጋራ አለሁ።»

አሮጊቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደገመችው። አንዴ ብቻ። ሙሾ አውራጅ አንዴ ከሰማች በቂዋ ነው።

«በሥዕሉ ፊት ያልከው» አለች ቀጥላ፣ «በኔ ላይ ይሁን። ያስማልኩህ እኔ ነኝ። እንዳትሸከመው። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ስንጸልይ የቤተሰብህን ስም አስጠራለሁ። ንገረኝ።»

«እናቴ ማላኒያ። እህቴ ፔላጌያ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የሞተብኝ የለም።»

«ከሕያዋን ጋር የሚጠራም አለ» አለች። «እሱን ንገረኝ። ባለጋሪህ ሲጮኽ ሰምቼዋለሁ፤ ግን ከራስህ አፍ ልስማው።»

ፌኦፋን የጠበቀ ጠፍር ፈትቶ እንደገና ያጠብቃል።

«ኒካኖር» አለ ሰውየው።

«ኒካኖር» አለች ሶሎሞኒዳ። በደንብ፣ ሳትቸኩል፣ ሙሾ ባወጣችበት ድምፅ ነው ያለችው። ከዚያ ደበሎዋን ሰብስባ ወደ ቤቱ ተመለሰች።

እንግዲህ ሶሎሞኒዳ ያንን ሙሾ ከነመጨረሻው ስንኝ ለስንት ልጃገረድ አስተማረች። የማን ነው ሲሏት፣ የአያቴ ነው ትላለች፤ እስከ ዛሬ በኛ አገር የአያቶች ነው የሚባለው። በየጸሎቱ ግን ዛሬቺኖ ውስጥ ዘመድ የሌለውን አንድ ሰው ስም ታስጠራለች። መጀመሪያ ከሕያዋን ጋር ነበር። የወንዙ በረዶ ተሰብሮ ከሄደ በኋላ፣ ፌኦፋን በዚያ ሲያልፍ አንድ ነገር ነግሯት፣ ስሙን ከሙታን ጋር ማስጠራት ጀመረች።

አንድ ቀን ቄሱ ጠየቋት። «ይህ ኒካኖር የማን ዘመድ ነው?»

«የሁላችንም ነው አባ» አለቻቸው። «ዝም ብለው ይጥሩት።»